«ያለብዎትን ዕዳ ይክፈሉ» የሚል ስልክ ሲመጣ

እንዲህ ያለ ስልክ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ነው። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ ዕቃ ይራገፋል፣ ደዋዩ ደግሞ ስምዎን ከነአባትዎ ጠርቶ «ከስምንት ወር በፊት ለወሰዳችሁት ዕቃ 18,400 ቀርቶባችኋል፤ ዛሬ ካልተከፈለ ጉዳዩ ወደ ሕግ ክፍል ይተላለፋል» ይላል። ዕዳው እውነት ሊሆን ይችላል። ተከፍሎ ሳይመዘገብ የቀረ፣ የሌላ ድርጅት የሆነ ወይም ከነጭራሹ የፈጠራ ሊሆንም ይችላል። ከድምፁ ተነሥቶ ይህን መለየት የሚችል የለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰውም አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ጥሪ ላይ የሚወሰን አንዳች ነገር የለም። ያ ጥሪ መረጃ መቀበያ ነው፤ መስጫ አይደለም።

ይህን የማጠብቀው ነጋዴውን የሚጎዳው መክፈሉ ብቻ ስላልሆነ ነው። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚጀምረው ከአንደበቱ ነው። ጠያቂው የጎደለውን ማስረጃ ነጋዴው ራሱ ይሞላለታል። «አዎ፣ ያኔ ከእነሱ እንወስድ ነበር» ሲል የንግድ ግንኙነቱን አረጋገጠ። «ግዢ የሚሠራው ልጅ ለቋል» ሲል ያዘዘው ሰው የድርጅቱ ሠራተኛ እንደነበር መሰከረ። «አሁን ሙሉውን አልችልም፣ ትንሽ ልላክላችሁ» ሲል ደግሞ ዕዳውን አመነ። ሦስቱም በቅንነት የሚነገሩ ናቸው፣ ሦስቱም ተቀድተው ሊቀመጡ ይችላሉ።

ስልኩ ላይ

ከእርስዎ የሚጠበቀው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ «የገንዘብ ጥያቄ በስልክ አንነጋገርም። ጥያቄያችሁን ከነማስረጃው በጽሑፍ ላኩልን፤ መርምረን በጽሑፍ እንመልሳለን።» ዕዳውን አላመኑም፣ አልካዱም። ከዚያ በኋላ ጠያቂው እርስዎ ይሁኑ። የደዋዩ ሙሉ ስም ማን ነው? ድርጅቱ በንግድ ምዝገባው ላይ የተጻፈው ትክክለኛ ስሙ፣ አድራሻውና መልሶ መደወያ ቁጥሩ ምንድን ነው? የፋይል ቁጥሩስ? ዕዳው ከመነሻው የማን ነበር፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው ኢንቮይስ ተፈጠረ? ከሚጠየቀው ገንዘብ ዋናው ስንት ነው፣ ወለዱ ስንት፣ መቀጫው ስንት? ደዋዩ ዕዳውን ገዝቶ ነው የሚጠይቀው ወይስ ለባለገንዘቡ በውክልና እየሰበሰበ?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በኋላ ለማን ደብዳቤ እንደሚጻፍና ለማን ቢከፈል ዕዳው እንደሚወርድ የምትወስነው እሷ ናት።

እውነተኛ ሰብሳቢ እነዚህን ከፊቱ ካለው ኮምፒውተር እያነበበ ይመልሳል። «እርስዎ በደንብ ያውቁታል»፣ «ከከፈሉ በኋላ ወረቀቱን እንልካለን»፣ «ስልኩን ከዘጉ ፖሊስ ይመጣል» የሚል መልስ ከመጣ ጥርጣሬዎን ያጠንክሩ። ቢሆንም ይህን እንደ ፍርድ አይውሰዱት። ሕጋዊ ሆኖ ባለጌ የሆነ ሰብሳቢ አለ፤ ጨዋና የተዘጋጀ አጭበርባሪም አለ።

ደዋዩ ስለ ድርጅትዎ ብዙ ማወቁ አያስደንግጥዎት። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ በሚቆርጡት ደረሰኝ ሁሉ ላይ ታትሟል። የሥራ አስኪያጁ ስም በንግድ ምዝገባ፣ አድራሻውና ስልኩ በማስታወቂያ ላይ ይገኛል። በስልክዎ ላይ የሚታየው የደዋይ ቁጥርም ማስረጃ አይሆንም፤ የባንክ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቁጥር አስመስሎ መደወል የሚያስችል ቴክኖሎጂ በማንም እጅ አለ።

«ማንነትዎን እናረጋግጥ» ብሎ የሚጀምር ጥሪ ነገሩን ከሥሩ የገለበጠ ነው፤ ማንነቱን ማረጋገጥ ያለበት የደወለው ነው። የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ በአጭር መልእክት የመጣ የሚስጥር ኮድ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የባለቤቱ የግል ስልክ አይሰጥም። «ከየትኛው ባንክ ጋር ነው የምትሠሩት?» የሚለው ጥያቄም እንደ ቀላል ጨዋታ መመለስ የለበትም።

«አዎ» ያሉት ድምፅ ተቆርጦ ውል ይሆናል የሚል ፍርሃት በሰፊው ይወራል። አንዲት ቃል ብቻዋን ውል አትሆንም። ነገር ግን በንግድ ድርጅቶች ማውጫ ላይ ማስታወቂያ አውጥተንላችኋል የሚሉ አጭበርባሪዎች «አድራሻችሁ ይህ ነው አይደል?» ለሚል ጥያቄ የተሰጠን «አዎ» ለትዕዛዝ የተሰጠ አስመስለው እንደሚያሰሙ የታወቀ ነው። ስለዚህ «አዎ» ከማለት «ለምን ጉዳይ ነው?» ማለት ይሻላል። እርስዎም ጥሪውን መቅዳት ከፈለጉ፣ አንዳንድ አገር የአንድ ወገን ፈቃድ ሲበቃ ሌላው የሁሉንም ተነጋጋሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ፣ «ይህ ጥሪ እየተቀዳ ነው» ብሎ መጀመር የትም ቢሆን ከጣጣ ያድናል። በነገራችን ላይ ይህች ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ስንቱን ደዋይ ስልክ አዘግታለች።

ስልኩ እንደተዘጋ፣ ሌላ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታየውን ቁጥር፣ የተባለውንና የመለሱትን በአንድ ደብተር ይጻፉ። ማስፈራሪያ ከነበረ ቃል በቃል ይጻፉት፤ «አስፈራራኝ» ብሎ መጻፍ በኋላ ለማንም አይጠቅምም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ብዙ ጊዜ ስልኩን የሚያነሳው ባለቤቱ ሳይሆን ካሸሯ፣ መጋዘን ጠባቂው ወይም አዲስ ተቀጣሪ ነው። አጭበርባሪም የሚፈልገው እነሱን ነው። «የገንዘብ ጥያቄ በስልክ አንነጋገርም» የሚለውን የፊተኛውን መልስ በወረቀት ጽፈው ከስልኩ አጠገብ ይለጥፉ። ስለ ዕዳ የሚናገር አንድ ሰው ብቻ ይመደብ፤ ሌላው ሠራተኛ «እሱ የለም፣ በጽሑፍ ይላኩ» ከማለት አይለፍ። ክፍያ የሚያጸድቀውና ገንዘቡን የሚያስተላልፈው ሰው ሁለት ይሁኑ። ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ሱቅም ይህ ይቻላል፦ አንዱ ኢንቮይሱ ላይ ይፈርማል፣ ሌላው ፊርማውን አይቶ ይከፍላል።

የሚያጠራጥረው ዕዳ ከየት ይመጣል?

ከፈጠራዎቹ መካከል ሳይታዘዙ የሚመጡት ይበዛሉ። የፕሪንተር ቀለም ወይም የጽዳት ዕቃ «የተለመደው አቅራቢያችሁ ነን» በሚል ሰው ይላክና ኢንቮይሱ በእጥፍ ዋጋ ይከተላል። የድረ ገጽ ስም ማደሻ ወይም የንግድ ምልክት ምዝገባ የሚመስል ወረቀት ይመጣል፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ሲነበብ ግን ማስታወቂያ ነው። አለዚያም «የመብራት ሒሳብ ስላልከፈላችሁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንቆርጣለን» የሚል ይደውላል። የመጨረሻው በዕቃው ዓይነት ሳይሆን በችኮላው ይታወቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ፈጠራ ያልሆነው፣ መነሻው እውነት ሆኖ መንገድ ላይ የተበላሸው ዕዳ ነው። ከእርስዎ በፊት ቤቱን ተከራይቶ የነበረ ድርጅት ያልከፈለው የስልክ ሒሳብ አድራሻውን ተከትሎ ይመጣል። ስሙ የሚመሳሰል ሌላ ኩባንያ ዕዳ በስህተት ይለጠፋል። የተቋረጠ አገልግሎት ውሉ ራሱን በራሱ እንዲያድስ ተጽፎ ስለነበር ሒሳቡ ሲቆጥር ይከርማል። የካርድ ክፍያ ማሽን ኪራይ ላይ ይህ በተለይ ይደርሳል፤ ማሽኑን መመለስና ኪራዩን ማቋረጥ በውሉ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉና። ዕዳ በጅምላ ሲሸጥ ደግሞ ለገዢው የሚተላለፈው ብዙ ጊዜ ስም፣ መጠንና ቀን ያለበት ሠንጠረዥ ነው። ውሉና የክፍያ ታሪኩ አብሮ ላይሄድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ዕዳ የሚጠይቀው ሰው አይዋሽም፤ በእጁ ያለው ግን ሙሉ አይደለም። ስለዚህ በጠላትነት መነጋገር አያስፈልግም። ወረቀት መጠየቅ ይበቃል።

የትኛው ወረቀት?

«ማስረጃ ላኩ» ብቻ ከተባለ የሚመጣው የተጠየቀውን ገንዘብ በድጋሚ የሚናገር ደብዳቤ ነው። ማህተም ቢኖረውም ማስረጃ አይደለም። የሚጠየቀው በስም ተለይቶ ነው፦ የተፈረመ ውል ወይም የግዢ ትዕዛዝ፣ እያንዳንዱ ኢንቮይስ፣ ዕቃውን ማን እንደተረከበ የሚያሳይ ፊርማና ቀን ያለበት የርክክብ ሰነድ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የገባና የወጣውን ሁሉ የሚዘረዝር የሒሳብ መግለጫ፤ ጠያቂው ሌላ ወገን ከሆነ ደግሞ ውክልናው ወይም ዕዳው የተላለፈበት ሰነድ። ዕዳው ሁለት ሦስት እጅ ካለፈ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ መታየት አለበት፤ ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ።

ከእነዚህ ሁሉ ጠቃሚው የርክክብ ሰነዱ ነው። ፊርማው የማን ነው? በዚያ ቀን ያ ሰው በደመወዝ መክፈያ ላይ ነበር? የፈረመበት ዕቃ ብዛት ከኢንቮይሱ ጋር ይገጥማል? ውል ላይ ያለ የሥራ አስኪያጅ ፊርማ የሚያሳየው ስምምነት መኖሩን ነው፤ ዕቃ መቀበልዎን የሚያሳየው ርክክቡ ነው።

ወለዱን ራስዎ ያስሉት። ቀላል ወለድ ዋናው ገንዘብ ሲባዛ በዓመታዊ መጣኔው፣ ሲባዛ በቀናት ብዛት፣ ሲካፈል ለ365 ነው። ከላይ የተጠቀሰው 18,400 በውሉ ላይ 12 በመቶ ወለድ ቢኖረው በ240 ቀን የሚያፈራው 1,451.84 ነው። ጠያቂው «ከነወለዱ 25,000 ደርሷል» ካለ ልዩነቱ ወለድ አይደለም፤ የማሰባሰቢያ ወጪ ወይም መቀጫ ነው። ያ የተስማሙበት አንቀጽ በውሉ ውስጥ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ውሉ ስለ ወለድ ምንም ካልጻፈ ደግሞ መጣኔው ከየትኛው ሕግ እንደተወሰደ ጠያቂው በጽሑፍ ያሳይ።

በራስዎ መዝገብ ውስጥ ሲፈልጉ

ወረቀቱ እስኪመጣ መቀመጥ አያስፈልግም። መጀመሪያ በአቅራቢው ስም ይፈልጉ፤ የንግድ ስሙና የተመዘገበበት ስም ሊለያዩ ስለሚችሉ በሁለቱም። ስሙ ካልተገኘ በገንዘቡ መጠን ይፈልጉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ 18,400ን ብቻ ፈልጎ «የለም» ይላል። ታክሱ 15 በመቶ ከሆነ 18,400 ለ1.15 ሲካፈል 16,000 ነው፤ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ከታክስ በፊት ያለው ሊሆን ይችላል። ሁለት ኢንቮይስ በአንድ ክፍያ ተዘግተው ከሆነ ደግሞ ድምሩ እንጂ እያንዳንዱ በባንክ መግለጫው ላይ አይታይም። ስለዚህ ከተባለው ቀን አንድ ወር ቀድመው ሦስት ወር አልፈው የባንክ መግለጫውን በመስመር ይዩት።

ትንንሽ ቀሪ ሒሳቦች የሚፈጠሩባቸው የታወቁ ቀዳዳዎች አሉ። ሲከፍሉ ቀንሰው ለግብር ያስቀሩትን ገንዘብ አቅራቢው እንዳልተከፈለ አድርጎ ይይዘዋል። ባንክ የቆረጠው የማስተላለፊያ ክፍያ እንዲሁ። የተመለሰ ዕቃ ወደ መጋዘናቸው ይገባና የተመላሽ ሰነዱ ሳይቆረጥ ይቀራል። የእርስዎና የእነሱ ቀሪ ሲነጻጸር ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ አንዱ ወገን ሁለት አኃዞችን አገላብጦ ጽፎ ሊሆን ይችላል፤ 5,460 መሆን የነበረበት 4,560 ተብሎ 900 ይጎድላል። ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፣ ሆኖም ግማሽ ቀን ፍለጋ ያተርፋል።

ያገኙትን ሁሉ፣ የሚጎዳዎትንም ጭምር፣ በአንድ አቃፊ ያስቀምጡ። ዕዳው እውነት ሆኖ ከተገኘ ያንን አስቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው እርስዎን ነው።

በጎን ደግሞ መጀመሪያ አበዳሪ ወይም አቅራቢ የተባለውን ድርጅት ያነጋግሩ። ስልኩን ከድሮው ውል ወይም ከድሮ ደረሰኝ ይውሰዱ፤ ደዋዩ የሰጠዎትን ቁጥር አይጠቀሙ፤ በኢሜይል የመጣ ሊንክም አይጫኑ። የሚጠይቁት፦ በእኛ ስም ሒሳብ አለ? ቀሪው ስንት ነው? ለማን ሰጣችሁት ወይም ሸጣችሁት፣ መቼ? መልሱን በኢሜይል ያስልኩ፣ የኢሜይል አድራሻውን ደግሞ ፊደል በፊደል ያንብቡ። አጭበርባሪዎች አንድ ፊደል ብቻ ለውጠው እውነተኛ የሚመስል አድራሻ ይከፍታሉ። «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ከእንግዲህ በዚህ አስገቡ» የሚል መልእክት ከታወቀ አቅራቢ ቢመጣ እንኳ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ሳያረጋግጡ አይከፈልም። በዚህ መንገድ ገንዘብ የሚጠፋው እውነተኛ ዕዳ ወደ ሐሰተኛ ሒሳብ ሲከፈል ነው።

«ለቅንነት ያህል ትንሽ ይክፈሉ»

ከሁሉም ጥያቄ አደገኛዋ ይህች ናት። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ስልኩም ይቆማል ተብሎ ይታሰባል። ችግሩ ይርጋ ላይ ነው። ዕዳ በፍርድ ቤት የሚጠየቅበት ጊዜ ገደብ አለው፤ ገደቡም ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1845 መሠረት፣ ሌላ ሕግ ካልወሰነ በቀር፣ ከውል ለሚመነጭ ጥያቄ 10 ዓመት ነው። በእንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሕግ ለተራ ውል 6 ዓመት ይሰጣል። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ አለው። በብዙ ቦታ ባለዕዳው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የኢትዮጵያው ሕግም በአንቀጽ 1851 ወለድ ወይም ከፊል ክፍያ መክፈልን፣ መያዣ ወይም ዋስ መስጠትን ዕዳን እንደማመን ቆጥሮ ይርጋውን ያቋርጣል። ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ የቆየ ዕዳ ላይ «ለቅንነት» የተላከ ትንሽ ገንዘብ ሌላ አሥር ዓመት ሊገዛ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ የዕዳው ምንነትና ቀኑ ሳይታወቅ ትንሹም አይከፈል፤ «በወር በወር እከፍላለሁ» የሚል አጭር መልእክትም አይላክ፤ ቀን የተጻፈበት ቼክም አይሰጥ። ይርጋ ያለፈበት ሆኖ ከተገኘ በፍርድ ቤት መቃወሚያ ሆኖ መቅረብ ያለበት በእርስዎ ነው። ዳኛው ራሱ ያነሣልኛል ብለው አይጠብቁ።

ደብዳቤው

የመጀመሪያው ስልክ በመጣ በሳምንት ውስጥ፣ ማስረጃ መጣም አልመጣም፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይላክ። ይህን የመሰለ ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ በፋይል ቁጥር … ስለቀረበ የገንዘብ ጥያቄ። በ… ቀን በ… ሰዓት የድርጅታችሁ ሠራተኛ ነኝ ያሉ ሰው 18,400 እንድንከፍል በስልክ ጠይቀውናል። መዝገባችንን መርምረን ይህን ዕዳ አላገኘንም፤ ስለዚህ ጥያቄውን አንቀበልም። ይህ ደብዳቤ ዕዳ ማመን ወይም ለመክፈል ቃል መግባት አይደለም፤ ማንኛውንም መቃወሚያችንንም አልተውንም። በጥያቄያችሁ የምትጸኑ ከሆነ የተፈረመውን ውል ወይም ትዕዛዝ፣ ኢንቮይሶቹን፣ የርክክብ ሰነዶቹን፣ ዝርዝር የሒሳብ መግለጫውንና ገንዘቡን ለመጠየቅ ያላችሁን ሥልጣን የሚያሳየውን ሰነድ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ14 ቀን ውስጥ ላኩልን። ከእንግዲህ ግንኙነታችሁ ከታች ባለው አድራሻ በጽሑፍ ብቻ ይሁን።»

«መርምረን አላገኘንም» የሚለው በእርግጥ ከመረመሩ ብቻ ይጻፍ። ካልጨረሱ «በመመርመር ላይ ነን» ይበቃል። ስለ ድርጅቱ የገንዘብ ችግር፣ ስለ ለቀቀው ሠራተኛ፣ ስለ አቅራቢው ጥራት ማጉደል በዚህ ደብዳቤ ላይ ምንም አይጻፍ፤ ያ ሁሉ ከሰነዱ በኋላ የሚመጣ ክርክር ነው። 14 ቀኑ ሕግ አይደለም፣ እርስዎ የሰጡት ጊዜ ነው። መድረሱ የሚረጋገጥበት መንገድ ይምረጡ፦ የአደራ ፖስታ፣ ወይም በመዝገብ ቤታቸው ማህተም የተመታበት ኮፒ፤ በኢሜይልም ደግመው ይላኩት። ፈራሚው በድርጅቱ ስምና በሥራ ድርሻው ይፈርም። ድርጅቱ የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር ከሆነ «እኔ» እያሉ በግል ስም መጻፍ የማኅበሩን ጥያቄ ወደ ራስ መሳብ ነው።

እዚህ ላይ የዋስትና ነገር አለ። ማኅበሩ ቢዘጋ እንኳ ባለቤቱ በግሉ ዋስ ሆኖ ከፈረመ ጥያቄው እሱን ይከተላል። የድሮ የብድርና የኪራይ ውሎችን የመጨረሻ ገጾች ያገላብጡ፤ የዋስትና ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። በግል ስም የተመዘገበ ነጋዴ ከሆኑ ግን ልዩነቱ የለም፤ የንግዱ ዕዳ የእርስዎ ዕዳ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያነበቡትን ሕግ ከመጥቀስዎ በፊት

«ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መደወል አይችሉም»፣ «በ30 ቀን ውስጥ ማስረጃ የማቅረብ ግዴታ አለባችሁ» የሚሉት ምክሮች በአብዛኛው የተቀዱት እ.ኤ.አ. በ1977 ከወጣው የአሜሪካ የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ነው። ያ ሕግ ደግሞ የሚሸፍነው ለግል፣ ለቤተሰብና ለቤት ጉዳይ የተገባን ዕዳ ብቻ ነው። የንግድ ዕዳ እዚያው አሜሪካ ውስጥ እንኳ በእሱ አይሸፈንም። በሌሎች አገሮችም ሸማቹን የሚጠብቀው ሕግ ነጋዴውን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። የማይመለከትዎትን አንቀጽ ለጠያቂው ሲጠቅሱ የሚያሳዩት አለማወቅዎን ነው።

ነጋዴውም ግን ከለላ የለውም ማለት አይደለም። ማስፈራራት፣ መሳደብ፣ ራስን ፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ሠራተኛ አስመስሎ ማቅረብ የዕዳው ዓይነት ምንም ይሁን ምን በብዙ አገር በወንጀል ያስጠይቃል። ለደንበኞችዎ ደውሎ «ዕዳ አይከፍሉም» ማለትም በስም ማጥፋት ሊያስጠይቅ ይችላል። ደብተሩ ላይ ቃል በቃል የተጻፈው ማስፈራሪያ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ከስልኩ ወደ ፍርድ ቤት ወረቀት ከተሸጋገረ ነገሩ ሌላ ነው። መጥሪያ የመሰለ ነገር በኢሜይል ወይም በስልክ መልእክት መጥቶ መጨረሻው ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ካለበት፣ ወይም የመዝገብ ቁጥር ከሌለው፣ ሐሰት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቢሆንም አይጣልም። የመዝገብ ቁጥሩ ተይዞ ወደ ተባለው ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ተሄዶ ወይም በራስ በተገኘ ስልክ ተደውሎ ይጠየቃል። መዝገቡ ካለ፣ ዕዳው የቱንም ያህል ውሸት ቢሆን፣ በቀኑ መልስ ይሰጣል። ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ይወሰንበታል፤ ከዚያ በኋላ የፈጠራው ዕዳ ፍርድ ያለበት ዕዳ ይሆናል። በዚህ ደረጃ ጠበቃ ይያዝ፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ አይቆጭም።

ዕዳው እውነት ሆኖ ሲገኝ

ሙሉው ወይም ከፊሉ ትክክል ከሆነ መደራደር ነውር አይደለም። ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥ፤ ስምምነቱ መጀመሪያ፣ ገንዘቡ በኋላ። ስምምነቱ ላይ የኢንቮይስ ቁጥሮቹ፣ የሚከፈለው መጠንና ቀኑ፣ ይህ ክፍያ ጥያቄውን ሙሉ በሙሉና ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚዘጋ፣ የግል ዋስትና ካለ መውረዱ ይጻፍ። ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል የምትለው መስመር ከተዘነጋች ቀሪው ለሌላ ሰብሳቢ ተሸጦ ሊመለስ ይችላል። ክፍያው በድርጅት ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ይግባ እንጂ ወደ ግለሰብ አይሁን። የስጦታ ካርድ፣ ክሪፕቶ፣ በሰው እጅ የሚላክ ጥሬ ገንዘብ የጠየቀ ሰው በዚያው ማንነቱን ነግሮዎታል። በየወሩ ከሒሳብዎ ራሳቸው እንዲቆርጡ ፈቃድ አይስጡ፤ ከፍለው ሲጨርሱ ማስቆሙ ሌላ ሥራ ነው።

ተታልሎ የተከፈለ ከሆነ ደግሞ ለባንኩ የሚደወለው በዚያው ሰዓት ነው፤ ነገ አይባልም። ዝውውሩ እንዲታገድና ተቀባዩ ባንክ እንዲያውቅ በስልክ ተነግሮ በጽሑፍ ይከተላል። ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ከወጣ በኋላ ማስመለስ እጅግ ይከብዳል። ቀጥሎ ለፖሊስ። ከተታለሉ በኋላ «ገንዘብዎን እናስመልሳለን፣ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ» የሚል ስልክ ከመጣም ያው ነው፤ የተታለለ ሰው ስምና ስልክ በአጭበርባሪዎች መካከል ይሸጣል።

ከደብዳቤው በኋላ ወራት ዝም ብሎ ሌላ ስም ያለው ሰብሳቢ በአዲስ የፋይል ቁጥር ቢደውል እንደ አዲስ አይደንግጡ፤ ዕዳው ተሸጦ ይሆናል። ደብተሩ፣ ደብዳቤዎቹ፣ የመድረሻ ማረጋገጫዎቹና የባንክ መግለጫው በአንድ አቃፊ ይቀመጡ፤ ቢያንስ የአገሩ የይርጋ ጊዜ እስኪያልፍ። ለአዲሱ ጠያቂ የፊተኛው ደብዳቤ ኮፒ ተያይዞ፣ አድራሻውና ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ይላካል።